ክሩን አትቁረጡት፦ የቤተሰብ ወረቀት ቤተ መዛግብት ሲገባ

ሴት አያቴ ካረፉ በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተገኘ። ቤቱ ጎጃም ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ገጠር። ሣጥኑ ውስጥ አንድ የሠርግ ፎቶ፣ ሁለት ደብዳቤ፣ የእናቴ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ አንድ የእድር ደብተር ነበረ። ከሥር ደግሞ በሦስት ጥራዝ ተለይቶ በነጭ ክር የተሰፋ የግብር ደረሰኝ። ደረሰኙ የወንድ አያቴ ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። ግን አንዷን እንኳ ሳይጥሉ፣ በመርፌ እየወጉ ሰፍተው አስቀምጠዋታል።

እኔ ለአርባው መጥቼ ሦስት ቀን ብቻ ነበረኝ። ክሩን በምላጭ ቆረጥኩት። ደረሰኞቹን ከድሮው ወደ አዲሱ በዓመተ ምሕረት ደረደርኩ፣ በስልክ ፎቶ አነሳሁ፣ በላስቲክ አሥሬ መለስኳቸው። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ የወንድ አያቴ ታናሽ ወንድም ደረሰኞቹን እንዲያዩልኝ ይዤላቸው ሄድኩ። አገላብጠው አዩና "ክሩስ?" አሉኝ።

"ቆረጥኩት ጋሼ፤ በዓመት በዓመቱ ላደርገው ብዬ ነው።"

ትንሽ ዝም አሉ። "በዓመት እኮ አልነበረም ልጄ" አሉኝ። "አንዱ ክር የአባታችን ወገን ነው። አንዱ የእናታችን። አንዱ ደግሞ በሴት አያታችን በኩል ከወዲያኛው ደብር የደረሰን ነው።"

የቤተ መዛግብት ሙያ ዋናው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ላስረዳ። የቤተሰብ ወረቀት የታሪክ መዝገብ ቤት ሲገባ ምን ይደረግለታል? ለምን እንደዚያ ይደረጋል? እናንተስ እቤታችሁ ያለውን ምን ብታደርጉት ይሻላል?

መጀመሪያ ያ ክር ምን እንደነበረ ልናገር። በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው አቅኚ አባት ይባላል፤ ከእሱ መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት የቻለ ሰው ድርሻ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ገበሬ እዚህ ደብር በአባቱ ወገን፣ እዚያ ደብር በእናቱ ወገን መሬት ሊይዝ ይችላል። ክርክር ሲነሳ "ግብር የምገብርበት መሬት ነው" ማለት ትልቅ ነገር ነበረ፤ ለዚያ ደግሞ ማስረጃው ደረሰኙ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ሲያምጽ አንዱ ትልቁ ፍርሃቱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይሄድብኛል የሚል ነበር። እንግዲህ አያቴ በክር የሰፉት ወረቀት ብቻ አይደለም። የትኛው መሬት በየትኛው ዘር እንደመጣ የሚናገር ካርታ ነው። ደረሰኙ ላይ ያ ነገር አልተጻፈም። የተጻፈው በክሩ ነው። እኔ ያን ቆርጬ ጣልኩት።

የመዝገብ ባለሙያዎች ይህን ነገር ሕግ አድርገው ይዘውታል። እ.ኤ.አ. በ1898 ሦስት ሆላንዳውያን የመዝገብ ቤት ሰዎች ባሳተሙት መመሪያ በደንብ ከተብራራ ወዲህ፣ በዓለም ላይ ያሉ ቤተ መዛግብት ሁለት ነገር አይነኩም። አንደኛው፣ የአንድን ሰው ወይም የአንድን ቤተሰብ ወረቀት ከሌላው ጋር አይቀላቅሉም። ደብዳቤውን ለብቻ፣ የመሬቱን ለብቻ፣ ፎቶውን ለብቻ ከየቤቱ ሰብስቦ በዓይነት መከመር የለም። የእገሌ ቤት ወረቀት የእገሌ ቤት ሆኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ ያስቀመጠበትን አቀማመጥ አይለውጡም፤ ግዴታ ሆኖ ከለወጡ ደግሞ መጀመሪያ እንዴት እንደነበረ ጽፈው ነው። ቤተ መጻሕፍት ከቤተ መዛግብት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ ለብቻው ቢቆም ሙሉ ነው። ወረቀት ግን ጎረቤቱ ከሌለ ግማሹን አይናገርም።

ብዙ ሰው "የኛ ቤት ወረቀት ምን ታሪክ አለው፣ ንጉሥ አይደለን፣ ደጃዝማች አይደለን" ይላል። ይህ አነጋገር ያንገበግበኛል። የንጉሡ ወረቀት ብዙ ጠባቂ አለው። ገበሬው ስንት ገበረ፣ ሴትየዋ ቤቷን በስንት ሸጠች፣ እድሩ ለቀብር ስንት አዋጣ የሚለውን የሚነግረን ግን ከየሰው ሣጥን የሚወጣው ነው።

እዚህ ላይ ጎንደርን ላንሳ። ጎንደር ውስጥ የግል ውል ማስቀመጫው ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በኢያሱ ዘመን፣ ሰው ቤት ሲሸጥ፣ መሬት ሲሸጥ፣ ሲናዘዝ፣ ውሉ በቤተ ክርስቲያኑ የብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ፣ ዋሱ፣ እማኞቹ ሁሉ በስም። ወንጌል ላይ የተጻፈን ማን ይፍቃል! እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያኑ የታሪክ ምሁራን ከሹመት ሲሻኝና ከዳንኤል አያና ጋር ሆነው እነዚህን ማስታወሻዎች ከየደብሩ በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጹን አሳንሶ በሚቀዳ የፊልም ጥቅል፣ አነሷቸው። ሲነበቡ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር ወጣ፤ ሴቶች በስማቸው መሬት ሲወርሱ፣ ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲካሰሱ በብዛት ይገኛሉ። ይህ በዜና መዋዕል አይገኝም። የተገኘው ከተራ ሰው የሽያጭ ውል ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘርፈው ለንደን ያስገቧቸው የብራና መጻሕፍት ላይም እንዲህ ያለ ማስታወሻ አለ። የጎንደር ሰው የቤት ውል ለንደን ተቀምጧል ማለት ነው።

ሌላው ሁሌ የምጠቅሰው ሐረር ነው። ሐረር ግብፆች ከያዟት አሥር ዓመት ገደማ በቀር፣ ከ1647 እስከ 1887 እ.ኤ.አ. የራሷ አሚር የነበራት ከተማ ናት፤ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው እስኪይዟት ድረስ። በግንቡ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ቁርዓን፣ ኪታብ፣ የውል ወረቀት በየቤታቸው ነበራቸው። አብደላ ሸሪፍ የሚባሉ የከተማዋ ልጅ እነዚህን ከየቤቱ ማሰባሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ በራሳቸው ቤት፣ በኋላ ከተማው በሰጣቸው፣ ሰው የራስ ተፈሪ ቤት በሚለው ያረጀ የሚያምር ሕንጻ ውስጥ። በመቶ የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎች አሉ። የድሮውን የሐረር የመጽሐፍ ጥረዛ ጥበብም ተምረው የተጎዳውን ይጠግናሉ። ሰው ዕቃውን ይዞ የመጣው ለምንድን ነው? በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ቅርብነት ነው። ነገ ልጁን ይዞ ሄዶ "ይህ የአያትህ ነው" ማለት ይችላል።

የአካባቢ መዝገብ ቤት ጥቅሙ ይሄ ብቻ አይደለም። ደረሰኝ ላይ የመሬቱ ስም፣ የጎጡ ስም፣ የጭቃ ሹሙ (የመንደሩ ሹም) ስም ይጻፋል። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ያን ጎጥ አያውቀውም። እዚያው አገር ያለው ግን "ይህ እኮ ከወንዙ ማዶ ነው፣ አሁን ትምህርት ቤት ተሠርቶበታል" ይላችኋል። ወረቀት ከአገሩ በራቀ ቁጥር የሚያስረዳለት ሰው ያጣል። አገር አቀፍ ተቋም አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ሰው እስከዛሬ ወመዘክር የሚለው ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ስንት የግለሰብ ጽሑፍና ማስታወሻ አቆይቶልናል። የምለው፣ ሁሉም ወረቀት አዲስ አበባ መግባት የለበትም ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሣጥኑ መዝገብ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚደረገው መጠየቅ ነው። የማን ነው? የት ተቀምጦ ነበር? ማን ከማን ወረሰው? ይህን የሚመልሰው ያመጣው ሰው ነው፤ ያ ሰው ከሄደ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ከዚያ ሳይበተን ፎቶ ይነሳል፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ብረት ነገር ይወጣል። ስቴፕል፣ አግራፍ፣ ስፒል ይዝጋል፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላል። ከዚያ አሲድ በሌለው ፋይልና ካርቶን ይገባል። ማውጫም ይሠራለታል፤ የሰውዬውን አጭር ታሪክ፣ የወረቀቱን ብዛትና ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሚሸፍን፣ በየካርቶኑ ምን እንዳለ የሚናገር።

ማውጫ መሥራት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የኛ አገር ወረቀት የራሱ ወጥመድ አለው። እኔ የምወደውም እሱን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝም።

አንዱ "ይድረስ ከ" ነው። የድሮ ደብዳቤ "ይድረስ ከክቡር ደጃዝማች እገሌ" ብሎ ይጀምራል። የዛሬ ልጅ "ከ" የሚለውን አይቶ ላኪው ደጃዝማቹ ነው ይላል። አይደለም። ተቀባዩ ነው! በዚያ ዘመን አጻጻፍ "ይድረስ ከእገሌ" ማለት እገሌ ዘንድ ይድረስ ማለት ነው። የአጼ ምኒልክ ደብዳቤዎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው፤ ከላይ የላኪው የንጉሡ ስምና ማዕረግ፣ ከዚያ "ይድረስ ከ"። ይህን ያላወቀ ሰው ማውጫ ከሠራ ላኪና ተቀባዩ ተገለባብጠው ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ያንን ስሕተት ይዞ ይሄዳል።

ሌላው ዘመኑ ነው። ብዙ የድሮ ውል "በዘመነ ሉቃስ በመጋቢት" ብሎ ያልፋል፤ ዓመተ ምሕረት የለውም። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመት ይዞራሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ለ4 አካፍሉ፤ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 2015 ዓ.ም. ሉቃስ ነበረ፤ ጳጉሜም 6 ሆናለች። ስለዚህ "ዘመነ ሉቃስ" ለብቻው በየአራት ዓመቱ ያለውን ሁሉ ሊሆን ይችላል። ግን ውሉ ላይ "እገሌ አለቃ ሳለ፣ እገሌ ዳኛ ሳለ" የሚል ካለ፣ የሹመቱን ዘመን ከሌላ ወረቀት አግኝቶ ማጥበብ ይቻላል። አያችሁ፣ አንዱ ወረቀት ሌላውን የሚፈታው እንዲህ ነው።

በጣሊያን ጊዜ የወጣ ወረቀት ደግሞ ሌላ ነው። ቀኑ አጠገብ የሮማ ቁጥር ታያላችሁ። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የሚቆጥሩት፤ 15 የሚለው ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ ነው።

ስምም አለ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። አባት በራሱ አባት ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም፣ ሚስት በራሷ አባት ስም ትጠራለች። አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ላይ በክርስትና ስሙ፣ ፍርድ ቤት በዓለም ስሙ፣ በፉከራው በፈረሱ ስም ይመጣል። መጀመሪያ ግራዝማች የነበረው በኋላ ቀኛዝማች ይሆናል። ሁሉም አንድ ሰው መሆኑን የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። አዛውንት በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ በቃ፣ ሦስት ሰው ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ጠፋ? በከፊል አይጥና ምስጥ ነው። በከፊል ግን ታሪኩ ራሱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ከዚያ በኋላ የርስት ወረቀት ምንም አያስገኝም። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ወረቀቱ ይባስ ብሎ አደጋ ሆነ፤ "ባላባት" የሚያስብል ማስረጃ ነዋ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ደብዳቤና ፎቶ ማታ ማታ የተቃጠለበት ቤት ብዙ ነው። ያቃጠሉትን አልወቅስም፤ ልጃቸውን ለማትረፍ ነው። የሚያሳዝነኝ በሰላሙ ጊዜ "ከእንግዲህ አይሠራም" ተብሎ የተጣለው ነው። ወረቀት ለባለቤቱ ሥራውን የጨረሰ ዕለት ለታሪክ ገና ሥራ መጀመሩ ነው።

ሰው ወረቀቱን ለመዝገብ ቤት እንዳይሰጥ ከሚያደርጉት ነገሮች ትልቁ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። "ከሰጠሁ ከእጄ ወጥቶ ይቀራል፣ ጓዳዬ አደባባይ ይወጣል" ይላል። ስለዚህ ርክክብ በቃል አይሆንም፣ በጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ላይ ይህ ይለይ፤ በስጦታ ነው ወይስ በአደራ? ማን ማየት ይችላል? የትኛው ለስንት ዓመት ይዘጋል? ኢንተርኔት ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ቤተሰቡ ቅጂ ያገኛል? የፍቺ ክርክር፣ የሕክምና ወረቀት፣ በሕይወት ያለ ሰው የሚያፍርበት ነገር ካለ፣ "ይህ ካርቶን እስከ እዚህ ዓመት አይከፈት" ማለት መብታችሁ ነው። መዝገብ ቤቱ ይህን አልጽፍም ካለ አትስጡ።

የደብዳቤ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ደብዳቤው እጃችሁ ስላለ ወረቀቱ የእናንተ ነው። ቃሉ ግን የጻፈው ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለጸሐፊው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። አጎታችሁ የጻፈላችሁን ደብዳቤ መዝገብ ቤት ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፍ አድርጎ ማሳተም ሌላ ነው፤ ለሁለተኛው የአጎታችሁን ልጆች ጠይቁ።

ዋናውን መስጠት ካልሆነላችሁ ደግሞ ቅጂ መስጠት አለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከገዳማት፣ ከአድባራትና ከግለሰቦች ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት አንስቷል። መጽሐፉ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። እዚያ ሆነው እያንዳንዱን እያነበቡ ማውጫ ከሠሩት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ቅጂው ሁለት አገር ስላለ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው አለ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ስልኩ ይሰረቃል፣ ቴሌግራም ላይ የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል። ካነሳችሁ ጀርባውንም አንሱ፤ ማኅተሙ፣ "ለማስታወሻ" የሚለው ጽሑፍ፣ የፎቶ ቤቱ ስም ያለው ከጀርባ ነው። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን።

እቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ላሚኔት አታስደርጉ። ኮፒ ቤቱ በፕላስቲክ ጠብሶ ይሰጣችኋል፤ ሲያዩት ያምራል። ግን ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳዋል፣ ፕላስቲኩም ከዚያ በኋላ አይለቅም። የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከወጥ ቤት አርቁት፣ ፀሐይ አታሳዩት። መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ፣ ከጀርባ፣ በስሱ። ፎቶው ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ ለአያታችሁ ወይም ለትልቅ አክስታችሁ በዚህ በዓል አሳዩና እየነገሯችሁ ጻፉ። ውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ፤ ዋሽንግተን ያለው ልጅ አማርኛ ባያነብም እናቱ በስልክ ታነብለታለች፣ ድምፁን ይቅዳው።

የአያቴን ደረሰኞች ነገር ልጨርስ። ጋሼ ምሳ በልተን እንደጨረስን ደጁ ላይ ቁርበት አነጠፉና "አምጣው" አሉኝ። ላስቲኩን ፈታሁ። እኔ የመሬቱን ስምና የጭቃ ሹሙን አነባለሁ፣ እሳቸው "የአባቴ፣ የእናቴ፣ ከማዶ" እያሉ በሦስት ቦታ ያስቀምጣሉ። የክሩ ቀዳዳ ረድቶናል፤ አብረው የተሰፉት ቀዳዳቸው እላይ በላይ ይገጥማል። እሳቸው የጠፋባቸውን ወረቀት ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ ቀዳዳውን ከሌላው ጋር አስተያየዋለሁ። እስኪመሽ ድረስ ሠራን። ሰባት ደረሰኝ ቦታ አልተገኘላቸውም። እነሱን በፖስታ ለብቻ አድርጌ በላዩ ላይ በእርሳስ "ክራቸው ተቆርጧል፤ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልታወቀም" ብዬ የዕለቱን ቀን ጻፍኩበት።